ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ዳገት ላይ ይደክማል፤ በ40 ሺህ ብር ከየት ልጀምር?

ኩፔ124፦

ሰላም ወገኖች። መኪናው ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ነው፣ ሞተሩ 1438 ሲሲ ባለ ሁለት ካም (ባልቦላዎቹን የሚከፍት ዘንግ)። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ ሦስተኛ ማርሽ አይችልም፣ ሁለተኛ ይጠይቃል። ሜዳ ላይም ቢሆን ከ4,000 ዙር በላይ ይታፈናል። ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ይይዛሉ፣ ጭሱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር ሲጨምቅ የሚደርሰው ግፊት) ሲለካ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሲሊንደር በተርታ 8.6፣ 8.8፣ 8.4 እና 8.7 ባር መጣ። መካኒኩ ይህን አይቶ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይውረድና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይቀየር» ይላል። ሌላ ሰው ደግሞ «ሞተሩን ተወው፣ ሁለት ዌበር 40 ካርቡራተር ግጠምለት፣ ማርሚታውን (የጭስ ቱቦውን ድምፅ ማፈኛ) አውጥተህ ቀጥ ያለ ቱቦ አድርግ» ይላል።

አሁን ያለው ካርቡራተር ባለ ሁለት ጉሮሮ ዌበር ነው። ዋናዎቹ ጂግለሮች (ቤንዚን የሚመጥኑት ባለ ቀዳዳ ብሎኖች) ላይ 125 እና 150 ተጽፏል። ጎማው 195/65 ባለ 15 ነው። ያለኝ 40 ሺህ ብር ነው፣ ከዚያ አያልፍም። መጀመሪያ ምን ላይ ላውለው?

ጂግለር፦

ሞተሩን አታውርድ። የሰጠኸን ቁጥር የደከመ ሞተር ቁጥር አይደለም።

መሃል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው የገባለትን አየር ስለሆነ ጌጁ የሚያሳየውም በዚያው ልክ ይወርዳል። 8.6 ባርን ለ0.75 ስታካፍል 11.5 ባር ይመጣል፤ የጥገና መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር የሚነጻጸረው ይህ ነው። 11.5 ደግሞ ለዚህ ሞተር ጤነኛ ነው። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነትም 5 በመቶ አይሞላም፤ ችግር የሚባለው 10 በመቶን ሲያልፍ ነው። የአውሮፓ መጽሐፍ ገልጦ የአዲስ አበባን ጌጅ በማንበብ ብቻ ስንት ደህና ሞተር ያለጊዜው ይወርዳል። ማረጋገጥ ከፈለግህ ሞተሩ ሲሞቅ አራቱንም ካንዴላ አውጣ፣ የቦቢናውን ሽቦ ንቀል፣ ቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠህ ያዝ፣ በሞላ ባትሪ አምስት ስድስት ዙር አስነሳው። ከዚያ በየሲሊንደሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረህ ድገም። በዘይቱ ቁጥሩ ብዙ ካልዘለለ ፋሻው ደህና ነው።

አሁን ወደ ጥላሸቱ። የካርቡራተር ጉሮሮ ቤንዚን የሚጠባው በሚያልፈው አየር ፍጥነት ነው። የአየሩ ክብደት በሩብ ሲቀንስ የሚጠባው ቤንዚን በሩብ አይቀንስም፣ ከዚያ ያነሰ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ የተለካ ጂግለር እዚህ 15 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ጥቁር ካንዴላ፣ ሽታ፣ ከላይ መታፈን፣ ሁሉም ከዚህ ጋር ይሄዳል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የጂግለሩ ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር። ለእኛ ከፍታ የቀዳዳውን ስፋት በ0.93 አባዛ። 125 ወደ 116፣ 150 ወደ 140 ይወርዳል። ለአንደኛው ጉሮሮ 115 እና 117 ሁለቱም ከተገኙ በ117 ጀምር፤ ከመጠን በላይ ማሳሳት ፒስተን ያቃጥላል፣ ትንሽ ማወፈር ግን ካንዴላ ያጠቁር እንደሆነ ነው እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። የሚኒሞው (ቤንዚን ሳይሰጠው ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲዞር የሚሠራው) ጂግለርም በዚሁ ሒሳብ ይወርዳል፣ 50 ከሆነ 47 ወይም 45። የአየር ጂግለሩንና ውስጥ ያለውን ባለ ቀዳዳ ቱቦ አሁን አትንካ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንዳበላሸ አያውቅም።

ግን ጂግለር ከመግዛትህ በፊት ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ አየር የሚያጠበው ክዳን) ሙሉ በሙሉ መከፈቱን በዓይንህ እይ። የካርቡራተሩን ተንሳፋፊ አውጥተህ ወደ ጆሮህ አስጠግተህ አንቀጥቅጠው፤ ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫረቀ ተበስቷል፣ ጂግለሩን ብትለውጠውም አይስተካከልም። የመርፌ ባልቦላው ጫፍ ላይ ቀለበት የመሰለ ጭረት ካለም ይቀየር። ከዚያ የአየር ማጣሪያው ቤት። የዚያ ዘመን ፊያቶች ብዙዎቹ የበጋና የክረምት አቀማመጥ አላቸው፤ ክረምት ላይ ከቀረ ከኮሌተሩ (ጭሱን ከሞተሩ ከሚያወጣው ብረት) ሙቅ አየር ይስባል። የሚገባው አየር በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ከ3 በመቶ በላይ ክብደት ያጣል፤ የእኛ አየር ደግሞ ሲጀመርም ስስ ነው።

ስለ ሁለቱ 40ዎች፦ አሁን አይሆንም። አራት ጉሮሮ ማለት አራት ዋና ጂግለር፣ አራት የሚኒሞ፣ አራት የአየር፣ በዚያ ላይ የራሱ የአየር መግቢያ ኮሌተርና ሁለቱን እኩል የማስተካከል ሥራ ነው። ይህን ሁሉ ገዝተህ ጂግለሩ የባሕር ዳርቻ ከሆነ ጥላሸቱ በአራት ጉሮሮ ይመጣል።

ስፔሶር፦

ወዳጃችን ጂግለር ያለው ልክ ነው፣ የምጨምረው ከ4,000 በላይ ስላለው መታፈን ነው። ያ በቤንዚን መብዛት ብቻ ላይሆን ይችላል። ሌሎች ሁለት ምክንያቶች አሉ፣ ሁለቱም በነጻ ይታያሉ።

አንደኛው የካም ቺንጋ (ካሞቹን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ቀበቶ) ነው። ከሁለቱ ካሞች አንዱ በአንድ ጥርስ ከሳተ ሞተሩ ይነሳል፣ ሚኒሞውም ደህና ይመስላል፣ ከፍ ሲል ግን ይሞታል። አንደኛውን ሲሊንደር ላይኛው የሞት ነጥብ (ፒስተኑ ከሁሉ ከፍ የሚልበት) ላይ አምጣና የሁለቱም ካም ፑሊዎች ምልክት ከቦታው መሆኑን እይ። የምታዞረው በኮሎው (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ፑሊ ዳዶ ነው፣ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ብቻ፤ ወደ ኋላ ከመለስኸው ቺንጋው ይላላና ጥርስ ይዘላል። በዚህ ሞተር ቺንጋ ከተበጠሰ ባልቦላና ፒስተን ይገናኛሉ። መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለህ ከ40 ሺሁ መጀመሪያ የሚወጣው ብር የቺንጋና የመወጠሪያው ነው። ጉልበት አይጨምርም፣ ግን ያለ እሱ 6,000 ዙር መሞከር አይገባም። ሲቀየር ከታች ያለውን የረዳት ዘንግ ፑሊም ምልክት አድርግ። ብዙዎች የማይጠቅም መስሏቸው እንደፈለገ ያዞሩታል፤ የቤንዚን ፓምፑን የሚገፋው ጉብታ በተሳሳተ ቦታ ከሆነ ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘውን ክንድ) ሊመታ ይችላል።

ሁለተኛው ስፒንትሮጂን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ውስጥ ያሉት ክብደቶች ናቸው። ዝገት ይዟቸው ከቆሙ ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ከዙር ጋር አይቀድምም። የታይሚንግ መብራት ይዘህ ሚኒሞ ላይ ምልክቱን አይተህ ወደ 3,500 አውጣው። ምልክቱ ብዙ ካልተንቀሳቀሰ ስፒንትሮጂኑን ፈተህ እጠብ፣ ዘንጉን በአንድ ጠብታ ዘይት፣ ክብደቶቹን በጥቂት ግራሶ አለስልስ። የፑንቲናው (ስፒንትሮጂኑ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው መገናኛ) ክፍተት 0.40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፣ ዘንጉ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ያ ልክ አይጸናም።

ሁሉም ነገር ሲሠራ ታይሚንጉን ከፋብሪካው ቁጥር በ2 ዲግሪ አስቀድም፣ ሞክር፣ ካላንኳኳ ሌላ 2 ጨምር፣ እዚያ ላይ አቁም። ስስ አየር ቀስ ብሎ ነው የሚነድደው፣ ስለዚህ ቀደም ማለትን ይወዳል፤ ለማንኳኳትም ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ይታገሣል። የምትሞክረው በሦስተኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር ዳገት ላይ ሙሉ ስትሰጠው ነው። ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የሚፈስ የመሰለ ድምፅ ከሰማህ ወዲያው እግርህን አንሳ፣ 2 ዲግሪ መልስ።

የባልቦላ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር ይለካል፦ የመግቢያው 0.45፣ የመውጫው 0.50። የካሙ ጉብታ ከባልቦላው ፊቱን ሲያዞር መለኪያው ቅጠል (ውፍረቱ የተጻፈበት ስስ ብረት) በመጠነኛ መያዝ ማለፍ አለበት። ለምሳሌ አንዱ መግቢያ 0.35 ከመጣና ላዩ ያለው ስፔሶር (ክፍተቱን የሚወስነው ክብ ብረት) 4.00 ከሆነ 3.90 ይገባበታል። በስፔሶሩ ላይ የተጻፈውን አትመን፣ ስለሚበላ በማይክሮሜትር ለካው። ስምንቱንም ለክተህ ወረቀት ላይ ጻፍና እርስ በርስ አቀያይር፤ ብዙ ጊዜ መግዛት የሚያስፈልገው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነው። የጠበቀ ባልቦላ ሲሞቅ አይዘጋም፤ ኮምፕሬሽን ያስወጣል፣ ቆይቶም ጠርዙ ይቃጠላል።

የማርሚታ ሰው፦

ቀጥ ያለ ቱቦ ድምፅ ይሰጥሃል፣ ጉልበት አይደለም። የዚህ ሞተር ብረት ኮሌተር ከፋብሪካው ጥሩ ነው፣ አራቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ነው የሚያወጣው። አትቀይረው። ገንዘቡ መግባት ያለበት ከሱ በታች ነው። እዚህ አብዛኛው ቱቦ በአሸዋ ወይም በማሽን ሲታጠፍ ክርኑ ላይ ይጨፈለቃል፣ 50 ሚሊ ሜትር የነበረው እጥፋቱ ላይ 38 ሆኖ ይቀራል። መኪናው ስር ገብተህ እያንዳንዱን ክርን በካሊፐር ለካ። የተጨፈለቀውን ብቻ ቆርጦ ክብነቱን የጠበቀ ክርን ማስበየድ ይበቃል። 1438 ከ48 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይበቃዋል፣ ከዚያ ማስፋት የዝቅተኛውን ዙር ጉልበት ይወስዳል፤ የምትፈልገው ደግሞ ዳገቱን ነው። ማርሚታውን በላስቲክ መዶሻ ምታው። ውስጡ ከተንኳኳ ግድግዳው ወድቆ መንገዱን ዘግቷል። ያለ ማርሚታ መኪና በቦሎ ምርመራም ያስቸግርሃል።

ግን ጥያቄህን ሳነብ ከሁሉ በፊት ያየሁት ጎማውን ነው። መኪናው ከፋብሪካ የመጣው በ165 ባለ 13 ነው፣ ቁመቱ 594 ሚሊ ሜትር ገደማ። 195/65 ባለ 15 ቁመቱ 634 ነው። ማርሽህን ሁሉ በ7 በመቶ ያህል አርዝመኸዋል፤ ዳገት ላይ ሦስተኛ የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቸርኬውን ሳትቀይር 195/55 ባለ 15 ብታደርግ 595 ይሆናል፣ ወደ ፋብሪካው ትመለሳለህ። 195/50 ከሆነ 576 ነው፣ ከፋብሪካውም በ3 በመቶ ያጥራል፣ ዳገቱን ይወድልሃል፣ አስፋልት ላይ ግን ዙሩ ከፍ ይላል። ያሉትን ጎማዎች ለውጦ መሸጥ ይቻላል፣ መጠኑ የኮሮላ ስለሆነ ፈላጊ አያጣም።

ክሪክ አስገብተህ አራቱንም ጎማ በእጅህ አሽከርክር። አንዱ ከያዘ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው፣ ሞተርህ ያንን እየጎተተ ነው የሚወጣው።

ኩፔ124፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቾኩ ሙሉ ይከፈታል፣ ተንሳፋፊው ደህና ነው። የአየር ማጣሪያው ቤት ክረምት ላይ ነበር፣ ወደ በጋ አዙሬዋለሁ። ባልቦላዎቹ ውስጥ ሁለት መውጫዎች 0.30 እና 0.35 መጡ። የካሞቹ ምልክት ልክ ነው። የስፒንትሮጂኑ ክብደቶች ግን ቆመዋል፣ ምልክቱ ከሚኒሞ እስከ 3,500 እምብዛም አይንቀሳቀስም።

ሁለት ጥያቄ። ጂግለር ፍለጋ ሶማሌ ተራን አዳርሻለሁ፣ ያሉት 130፣ 135 እና 150 ብቻ ናቸው፣ ወደ ታች የለም። ያለውን ማጥበብ ይቻላል? ደግሞም ቴስታታውን (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለውን የሞተር ራስ) አስልጌ ኮምፕሬሽን ብጨምርስ ያዋጣል?

ጂግለር፦

ክብደቶቹ ከቆሙ ግማሹን በሽታ አግኝተሃል። እሱን ሳትጨርስ ጂግለር አትንካ፣ አለዚያ ሁለቱን ትቀላቅላለህ።

ማጥበብ ይቻላል። ዋናዎቹን አታበላሽ፣ ሶማሌ ተራ ካየሃቸው 130 እና 150 ገዝተህ በነሱ ላይ ሥራ። ጂግለሩን በቤንዚን አጥበህ አድርቅ፣ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ብየዳ ሙላ፤ ሙቀቱ ትንሽ ይሁን፣ ነሐሱ እንዳይበላሽ። ከዚያ በ1.16 እና በ1.40 መሰርሰሪያ በእጅ ይበሳል፣ በኤሌክትሪክ ድሪል አይሆንም፣ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል። እንደዚህ ቀጭን መሰርሰሪያና በጣት የሚዞር መያዣ ወርቅ ሠሪዎች ዘንድ ፈልግ፤ ልምዱ ያላቸው እነሱ ናቸው። 1.16 ከጠፋ 1.15 ወይም 1.20 ይሁን፣ ከሁለቱ 1.20ው ለጀማሪ ይሻላል። ቀዳዳው በመሃል መሆኑን በብርሃን እይ፣ ከውስጥ የቀረ ቡርቡሩን በክብሪት እንጨት አጽዳ፣ በመርፌ አትጎርጉረው።

የበሳኸውን በዓይን አትፍረድ፣ በፈሳሽ ፍረድ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ታቹን ቁረጥና ገልብጠህ ክዳኑ ላይ ጂግለሩን አጥብቀህ ግጠም። መስመር አስምርበት፣ እስከ መስመሩ ናፍጣ ሙላ፣ 100 ሚሊ ሊትር ለመውረድ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ በስልክህ ያዝ። መጀመሪያ የድሮውን 125፣ ቀጥሎ የሠራኸውን። 125ቱ 60 ሴኮንድ ከፈጀበት 116ቱ 70 ሴኮንድ አካባቢ መፍጀት አለበት። 80 ከሆነ ጠቧል፣ 63 ከሆነ ገና ነው። ለ150ውም እንዲሁ፣ 60ው ወደ 69 ይሄዳል። ሁለቱንም ስትለካ የናፍጣው ከፍታ እኩል ይሁን።

ከገጠምህ በኋላ አዲስ ካንዴላ አድርግና ረጅም ዳገት በሦስተኛ ሙሉ ሰጥተህ ውጣ። ጫፍ ላይ ዳር ያዝ፣ ፍሪሲዮን ረግጠህ ሞተሩን በዚያው አጥፋ፣ በሚኒሞ ካስቀመጥኸው ካንዴላው የሚኒሞውን ነው የሚነግርህ። ሲቀዘቅዝ አውጥተህ ነጩን ሸክላ እይ። ቡናማ ከሆነ ደርሰሃል። ጥቁርና ደረቅ ከሆነ አንድ ደረጃ አጥብብ። ነጭ ሆኖ ትናንሽ አንጸባራቂ ነጥቦች ካሉበት የአሉሚኒየም ፍርፋሪ ነው፣ ወዲያው አስፋው፣ በዚያ ጂግለር ሁለተኛ ዳገት አትውጣ።

ቶርኖ ቤት፦

ስለ ቴስታታው። በቁጥር እንየው። አንዱ ሲሊንደር 359 ሲሲ ነው፣ የፋብሪካው የኮምፕሬሽን ውድር (በባር የሚለካው ግፊት ሳይሆን ይዘቱ ሲጨመቅ ስንት እጥፍ እንደሚያንስ) 8.9 ከሆነ ከላይ የሚቀረው ክፍል 45.5 ሲሲ ነው። ወደ 10 ለማድረስ 40 ሲሲ መሆን አለበት፣ ማለትም 5.5 ሲሲ ይወጣል። የ80 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር አንድ ሚሊ ሜትር ቁመት 5 ሲሲ ስለሆነ ከ1.1 ሚሊ ሜትር በላይ ይላጋል። የምታገኘው ጉልበት 3 ወይም 4 በመቶ ነው። ለሱ ደግሞ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ማስላጊያ፣ አዲስ የቴስታታ ቡሎን፣ የፒስተንና የባልቦላ ርቀት መለካት ይመጣል። ካሞቹ ወደ ኮሎው ስለሚቀርቡም ታይሚንጋቸው ይንሸራተታል፣ የሚስተካከል ፑሊ ይፈልጋል። በ40 ሺህ ብር ይህን ጀምሮ መሃል መንገድ ላይ መቅረት ነው። ቴስታታው በሌላ ምክንያት ከወረደ ያኔ ይታሰብ።

ርቀቱን ለመለካት ያኔ ፒስተኑ ላይ የልጆች መጫወቻ ሸክላ አድርገህ ቴስታታውን በአሮጌ ጓርኒሲዮን አስረህ በእጅ ሁለት ዙር ታዞረዋለህ። ስትፈታ ሸክላው ላይ የታተመው የባልቦላ ቅርጽ ከታቹ የቀረው ውፍረት ከ2 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም።

ወደፊት ገንዘብ ሲገኝ የሚያዋጣው ሌላ ነው። ከፊያት 132 የወጣ 1756 ሞተር ከ1438 በ22 በመቶ ይበልጣል፤ ከፍታው የወሰደብህን ማለት ይቻላል የሚመልስ እሱ ነው። ቤተሰቡ አንድ ነው፣ ግን ቁመቱን፣ የቺንጋውን ርዝመትና የኮፋኑን ቦታ ሳትለካ አትግዛ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስላለ የለውጡን ወረቀት ከመግጠም በፊት ጨርስ፣ የሻጩንም ሰነድ ያዝ። ቱርቦ በዚህ በጀት አይነሳ።

ስፔሶር፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ መኪናው ከተማ ብቻ የማይቆይ ከሆነ። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ሞተር ቁልቁል ሲወርድ ይሳሳል። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ላንጋኖም በከፍታ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ እዚያ ድረስ የሚሳሳው 4 በመቶ ገደማ ነው፣ ካንዴላህ ቡናማ ከነበረ ይሸከመዋል። ያስቀደምኸውን 4 ዲግሪ ግን 2 መልሰው። መተሃራ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ ሙቀቱም አለ። እዚያ 9 በመቶ ይሳሳል፣ የማንኳኳቱ ትዕግሥትም ያልቃል። ከአዳማ አልፈህ የምትወርድ ከሆነ የድሮዎቹን 125 እና 150 መልሰህ ግጠም፣ ታይሚንጉንም ወደ ፋብሪካው መልስ። ስፒንትሮጂኑ ላይ ሁለቱንም ቦታ በቀጭን ጭረት ምልክት ካደረግህ መንገድ ላይ ያለ መብራት በአንድ ቁልፍና በአንድ ካቻቢቴ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ጂግለሮቹን በትንሽ ቆርቆሮ አድርገህ ከመለኪያው ቅጠል ጋር የመኪናው ኪስ ውስጥ አስቀምጣቸው፣ እያንዳንዱን በተለያየ ቀለም ክር አስረህ፤ የበሳኸው ላይ አሁንም 130 ተብሎ ስለተጻፈ በቁጥሩ ሊያሳስትህ ይችላል።

ኩፔ124፦

ስፒንትሮጂኑ ታጥቦ ክብደቶቹ ተለቀዋል፣ ምልክቱ አሁን ይሄዳል። ሁለቱን መውጫ ባልቦላዎች በማቀያየር 0.50 አድርሻቸዋለሁ፣ መግዛት ያስፈለገኝ አንድ ስፔሶር ብቻ ነው። ቺንጋና መወጠሪያ ታዟል። ጂግለሮቹን በሳምንቱ መጨረሻ እሠራለሁ፤ የናፍጣውን ሴኮንድ ለክቼ ቁጥሩን እዚህ አስቀምጣለሁ።